የዓባይ ሳቢሳ በ1/8 ሰከንድ

ወራጅ ውሃን ወተት የሚያስመስል ፎቶ አልወድም። ብዙ ሰው እንደሚወደው አውቃለሁ፤ በየሆቴሉ ግድግዳ ተሰቅሎ አየዋለሁ። ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ ግን ወንዙ ወንዝነቱን ያጣል፤ ዓባይ ይሁን የጓሮ ቦይ መለየት ያስቸግራል። እኔ የምፈልገው የውሃው ሩጫ የሚታይበት፣ ውሃው መሀል የቆመችው ወፍ ደግሞ ጥርት ብላ የምትወጣበት ፎቶ ነው። ችግሩ ውሃው ዘገምተኛ ሻተር ሲፈልግ ወፏ ፈጣን መፈለጓ ነው።

ሂሳቡን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አስፍሬዋለሁ። በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ፣ ሻተሩ ለ1/500 ሰከንድ ሲከፈት የሚሄደው 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጠብታው ሁሉ አየር ላይ ተገትሮ ይቀራል። በ2 ሰከንድ 2 ሜትር ይሄዳል፤ ወተቱ የሚመጣው ያኔ ነው። በ1/8 ሰከንድ ግን 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ትንሿ ነጭ ሳቢሳ ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ውሃው ፎቶው ላይ የሚተወው መስመር የእርሷን አንድ አምስተኛ ያህላል። ለእኔ ዓይን ልኩ ይህ ነው። ውሃው እግሯን ሲመታ፣ ለሁለት ሲከፈል፣ ከጀርባዋ ተመልሶ ሲገጥም ይታያል።

ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ መውረድ ከሚጀምርበት ዳር ነው የምቀመጠው። ከሐይቁ የሚወጣውን ውሃ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረጨራ ግድብ ስለሚመጥነው፣ የወንዙ ከፍታ ዝናቡን ብቻ አይከተልም። ትናንት ሳቢሳዋ የቆመችበት ድንጋይ ዛሬ ሊሰወር ይችላል። ጉማሬ ስላለ ውሃው ውስጥ መግባት የማይታሰብ ነው። ጉማሬው ባይኖርም ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ወራጅ ውሃ ውስጥ አይቆምም፤ ውሃው እግሮቹን እየገፋ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ያች ትንሽ ንዝረት በረጅም ሌንስ በኩል ስትታይ ፎቶውን ለማበላሸት ትበቃለች።

ወፏን ማንበብ ያስተማሩኝ ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ናቸው። ጣቴን ካሜራው ላይ አድርጌ ስቁነጠነጥ አይተው፣ «ልጄ፣ እግሯን ስታርገበግብ አትቸኩዪ፤ ገና ዓሣውን እያስደነገጠች ነው። አንገቷን ስትሰበስብ ነው ጉዳዩ» አሉኝ።

«አባባ፣ እንዴት አወቁ?»

«የምንሻማው በአንድ ዓሣ ነዋ!»

እውነታቸውን ነው። እግሯ ጥቁር፣ ጣቶቿ ግን ብጫ ናቸው። አንዱን እግር ወደፊት ሰድዳ ጠጠሩን ስትነካካ ብጫው በውሃው ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከዚያ ድንገት ታቆማለች። አንገቷ ወደ ትከሻዋ ይታጠፋል፤ ነፋሱ አካሏን ቢያወዛውዘውም ራሷ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ምንቃሯ ከመወርወሩ በፊት ባለችው በዚያች ፋታ ነው በተከታታይ የማነሳው። ካሜራውን በጣት መጫን ስለሚነቀንቀው በገመድ ነው የማዘው። እንዲያም ሆኖ አብዛኛው ይጣላል። አንዳንዴ ወፏም ውሃውም አምረው ሳለ ተገንጥሎ የመጣ የእምቦጭ ቁራጭ መሀላቸው አልፎ አረንጓዴ ሰረዝ ያሰምርበታል።

ብርሃኑም የራሱ ጣጣ አለው። ፀሐይ ወጥታ ሰማዩ ሲጠራ፣ በአይኤስኦ 100 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ልክ) እና በኤፍ 16 (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ) የሚገኘው የሻተር ጊዜ ወደ 1/100 ሰከንድ ነው። ብርሃኑን አሥራ ስድስት ጊዜ የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ሲገባበት 1/6 ሰከንድ አካባቢ ይወርዳል። ፊልተሩን ትቶ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 22 ማጥበብ የሚመርጡ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ስለሚበተን የላባው ጥራት ይቀንሳል። ነጭ ላባ ደግሞ ፎቶው ላይ በብርሃን ብዛት በቀላሉ ይቃጠላል፤ አንዴ ከነጣ በኮምፒውተር አይመለስም። ስለዚህ ሌላው ትንሽ ቢጨልምም ለላባው እሳሳለሁ። ከራሱ ጀርባ ጉትዬ ያለው ቡናማው ሐመርኮፕ በዚህ በኩል አያስቸግርም፤ ቆሞ መጠበቅም ያውቅበታል። ግን ቡናማ ወፍ በደፈረሰ ውሃ ላይ ተፈልጎ የሚገኝ ነው።

አንድ ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ይለዋል። ወፏን በፈጣን ሻተር፣ ውሃውን በዘገምተኛው ለየብቻ አንስቶ በኮምፒውተር ያገናኛቸዋል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ስፌቱ አይታይም። እኔን የሚቆረቁረኝ እግሯ አጠገብ ያለው ቦታ ነው። እዚያ የሚታየው ውሃ ያንን እግር አልመታም። የውሃው መታጠፊያ የመጣው ከሌላ ጊዜ፣ ምናልባትም ወፏ ከሄደች በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ከመነሻው የወደድኩት እግሩና ውሃው የሚገናኙባትን ያችን ቦታ ነው።

ዛሬ ለኅትመት የለየሁት ፎቶ ላይ ዓይኗ ጥርት ብሏል፤ የደረቷ ረጃጅም ላባ ግን ነፋስ ነክቶት ደብዝዟል። ጓደኛዬ አይቶት «ላባውን ከሌላ ፎቶ እንተካው» አለኝ። እንቢ አልኩት። በትልቁ ይታተማል፤ ከነድብዝዙ።