ሁለት ወር የበላኝ ፒኤች 7.4

አልካሎይድ (ዕፅዋት የሚሠሩት ናይትሮጅን ያለው ውህድ) ከዲኤንኤ ጋር እንዴት እንደሚጣበቅ ልትለኩ ከሆነ፣ በተለይ ሞለኪውላችሁ ሳንጉዊናሪን የሚባለው ባለቀለም አልካሎይድ ከሆነ፣ ይቺን አንብባችሁ ጀምሩ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ግን ቀለሙ ራሱ ሲነግረኝ ነበር። አልሰማሁትም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሳንጉዊናሪን ጠፍጣፋ ነው፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ዲኤንኤ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ሊዮናርድ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1961 በአክሪዲን እንዳሳየው፣ እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ነገር በቤዝ ጥንዶች መሃል ገብቶ ይሸጎጣል። ኢንተርካሌሽን የሚባለው ይኼ ነው። ዲኤንኤው ይረዝማል፣ ጥምዝምዙም ይላላል። ሴል ለመባዛት ዲኤንኤውን ከፍቶ መቅዳት አለበት፣ መሃሉ ላይ የተወሸቀ ነገር ካለ ሥራው ይስተጓጎላል። የካንሰር ተመራማሪዎች እነዚህን አልካሎይዶች የሚያሳድዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዝግጅቱ ብዙ አያስቸግርም። የጥጃ ታይመስ (ደረት ውስጥ ያለ እጢ) ዲኤንኤ አሟሟሁ፣ ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ የ260 እና የ280 ናኖሜትር ንባቡ ጥምርታ ከ1.8 በላይ መሆኑን አየሁ፣ መጠኑን በ260 ናኖሜትር ለካሁ። ንባቡን ወደ መጠን ለመለወጥ የምትጠቀሙት ቁጥር (ሞላር ኤክስቲንክሽን ኮፊሸንት) ስሌቱ በኑክሊዮታይድ ከሆነ 6600፣ በቤዝ ጥንድ ከሆነ 13200 ነው። የቱን እንደተጠቀማችሁ ጻፉት፣ አለዚያ ውጤታችሁን የሚያነብ ሰው በሁለት እጥፍ ይሳሳታል። ከዚያ አልካሎይዱን ኩቬት (ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ውስጥ አድርጋችሁ ዲኤንኤ በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ የብርሃን መምጠጡን ማንበብ ነው። የአንድ ከሰዓት ሥራ።

የኔ አንድ ከሰዓት ሁለት ወር ሆነ።

ባፈሩን፣ ማለትም ፒኤቹ (የአሲድነት መጠኑ) እንዳይለዋወጥ የሚይዘውን ፈሳሽ፣ 7.4 ላይ አደረግሁት። ሁሉም የሚለው 7.4 ነው፤ ደም 7.4 ስለሆነ ማንም አይጠይቅም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የተጠቀምኩት ትሪስ የሚባለውን ባፈር ነበር። የመጀመሪያው ቀን ግራፉ የሚያምር ነበር፣ ባይንዲንግ ኮንስታንቱም (የመጣበቁ ጥንካሬ መለኪያ) ደስ የሚል። በማግስቱ ደገምኩት፣ ግማሽ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ሩብ። ሁሉም ስፔክትረም (በየሞገድ ርዝመቱ የሚነበበው የመምጠጥ መስመር) የሚያቋርጥበት አንድ ነጥብ መኖር ሲገባው የኔ መስመሮች ተንሸራተው በተለያየ ቦታ ይቋረጣሉ። አንድ ቀን እንዲያውም ዲኤንኤ ስጨምር ይወርዳል ብዬ የምጠብቀው የ475 ናኖሜትሩ ጫፍ መጀመሪያ ላይ ከፍ አለ። ኩቬቱን በደንብ ያላጠብኩ መስሎኝ ያንን ንባብ ጣልኩት። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አማካሪዬ “ድገመው” አሉኝ። ደገምኩ። አንድ ሲኒየር “ዲኤንኤህ አርጅቶ ነው” አለኝ፣ አዲስ ተገዛ። ያው ነው። የመሣሪያውን መብራት ቀየርን፣ ፒፔቶቹን አስለካን። ማንም፣ እኔን ጨምሮ፣ ባፈሩን አልጠረጠረም።

የገባኝ በአጋጣሚ ነው። የሁለት ቀን ናሙናዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። መጠናቸው እኩል፣ ባፈራቸው በወረቀት አንድ። አንዱ ብርቱካናማ ነው፣ ሌላው ውሃ ሊመስል ምንም አልቀረው። የላብ ደብተሬን ስገልጥ በራሴ እጅ ጽሑፍ “ቀለሙ ዛሬ ፈዘዝ ብሏል” ይላል። በሁለተኛው ቀን የጻፍኩት ነው።

ሳንጉዊናሪን ሁለት መልክ አለው። ፒኤቹ ዝቅ ሲል ኢሚኒየም ነው፦ ቻርጅ ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ባለቀለም። ከፍ ሲል ኦኤች (ሃይድሮክሳይድ) ይጨምርና አልካኖላሚን ይሆናል፤ ቻርጁም ጠፍጣፋነቱም ቀለሙም ይሄዳል። ዲኤንኤ ውስጥ የሚሸጎጠው ኢሚኒየሙ ነው። አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጥበት አጋማሽ ደግሞ በ7 እና በ8 መሃል ነው፣ ማለትም እኔ የቆምኩት ልክ ገደሉ አፍ ላይ ነበር።

ላዩ ላይ ትሪስ ተጨመረበት። ትሪስ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ፒኤቹ በ0.03 ገደማ ይወርዳል። እኔ አንዳንድ ቀን አሲድ ጨምሬበት ገና ትኩስ እያለ፣ ሌላ ቀን ከፍሪጅ እንደወጣ እያስተካከልኩ ሁለቱንም “7.4” ብዬ እጽፋለሁ። የ10 ዲግሪ ልዩነት 0.3 ነው። አጋማሹ ላይ ሆናችሁ 0.3 ስትንቀሳቀሱ ኢሚኒየሙ ከግማሽ ወደ ሢሶ ይወርዳል ወይም ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወጣል። በዚያ ላይ ዲኤንኤው ኢሚኒየሙን እየያዘ ሲሄድ የቀረው አልካኖላሚን ወደ ኢሚኒየም ይለወጣል። ያ ከፍ ያለው ጫፍ ቆሻሻ አልነበረም። መልሱ ነበር፣ እኔ ወረወርኩት እንጂ።

ስለዚህ መመሪያው የፈለገውን ይበል፣ 7.4 ላይ አትጀምሩ። መጀመሪያ 5.2 አካባቢ፣ ኢሚኒየም ብቻ ባለበት ሥሩ። ቀጥሎ ከ9 በላይ አልካኖላሚኑን ለብቻው እዩት። 7.4 መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ያኔ የምታዩት ነገር ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በትሪስ ፈንታ ፎስፌት ተጠቀሙ፣ ሙቀት ብዙም አያንቀሳቅሰውም። የጨው መጠናችሁን አትቀያይሩ፣ ሶዲየም ሲበዛ መጣበቁ ይደክማል። ለጀማሪ ደግሞ በርበሪን ይሻላል፤ በተለመደው ፒኤች ቻርጁን አይለቅም።

ሌላው ዶኪንግ ነው። ኮምፒውተሩ ሞለኪውሉን ዲኤንኤ ላይ አስቀምጥ ካላችሁት የሆነ ቦታ ያስቀምጥላችኋል፣ ሥራው ነው። የሚያምረውን ሥዕል አይታችሁ “ተሸጎጠ” አትበሉ። ቪስኮሲቲ ለኩ። የተሸጎጠበት ዲኤንኤ ስለሚረዝም ፈሳሹ ይወፍራል፣ በዲኤንኤው ጎን ያለው ጎድጓዳ (ግሩቭ) ላይ ብቻ ከተለጠፈ ግን እምብዛም አይለወጥም። አሰልቺ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ ከዶኪንጉ ግን አሥር እጅ አምነዋለሁ። ደግሞ ዲኤንኤ ላይ ስለተጣበቀ መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም፣ ሳንጉዊናሪን ጤነኛውንም ሴል ይገድላል።

5.2 ላይ ሦስቱም ድግግሞሽ ገጠመ። ሁሉም መስመር በአንድ ነጥብ ተቋረጠ። ጽፈን ለጆርናል ላክን። ከሪቪወሩ የመጣው የመጀመሪያው አስተያየት “ለምን በፊዚዮሎጂካል ፒኤች፣ ማለትም በ7.4 አልሠራችሁም?” የሚል ነበር። መልሱን ሁለት ገጽ አድርጌ ጻፍኩለት። አማካሪዬ ወደ ግማሽ ገጽ አሳጠሩት።