ማታ ልክ፣ ጠዋት ዜሮ

ካርዱ ሲግናል ቀርጾ በዲኤምኤ (ሲፒዩው ሳይነካው በቀጥታ) ወደ ሜሞሪ የሚያስገባ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ነው። የሊኑክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያገናኘውን ኮድ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዳታውን የሚፈልገው ፕሮግራም በኤምማፕ (ፋይልን እንደ ሜሞሪ በሚያሳይ ጥሪ) ከከፈተው ፋይል ላይ አድራሻ ይሰጠኛል። እኔ ገጾቹን (ሜሞሪው የተከፋፈለባቸውን ባለ4 ኪሎባይት ቁራጮች) ጌት ዩዘር ፔጅስ በሚባል የከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ጥሪ እይዛለሁ፤ ካርዱ በቀጥታ እዚያው ላይ ይጽፋል። ኮፒ የሚባል ነገር የለም። ኮርቼበት ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሒሳብ ነው። 1 ሜጋባይት በ4 ኪሎባይት ሲካፈል 256 ገጽ ነው ብዬ ቦታ አዘጋጀሁ። ፕሮግራሙ ግን የፋይሉን ሄደር (የመግቢያ ክፍሉን) ዘልሎ ከገጽ መሃል ይጀምራል፤ ስለዚህ 257 ሆነ። ይሄ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

ሁለተኛው ግን ሦስት ሳምንት በላኝ። ማታ ዳታውን እናየዋለን፣ ልክ ነው። ጠዋት ማሽኑ ተነስቶ ፋይሉ ሲከፈት አንዳንዱ ገጽ ዜሮ በዜሮ ነው። ዲስኩን ጠረጠርኩ። ከዚያ ካርዱን። ሃርድዌሩን ከሠራው ልጅ ጋር ልንጣላ ምንም አልቀረንም (ይቅርታ ጠይቄዋለሁ)።

ፍንጩ የተገኘው ከቆይታው ጊዜ ነው። ካርዱ ትሪገር («መቅረጽ ጀምር» የሚል ሲግናል) እስኪመጣለት ይጠብቃል። ትሪገሩ ቶሎ ከመጣ ሁሉም ሰላም ነው። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ከቆየ ዜሮው ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገጾቹን ሊጻፍባቸው ነው ብዬ ስይዝ «ተለውጠዋል» የሚል ምልክት ያርፍባቸዋል። ከርነሉ ደግሞ ካልነካካችሁት በቀር፣ ከተለወጠ 30 ሰከንድ ያለፈውን ገጽ ወደ ዲስክ ይጽፍና ምልክቱን ያነሳል። ካርዱ የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዲኤምኤ በሲፒዩው የገጽ ሠንጠረዥ (ሲፒዩው ሲጽፍ ለውጡ የሚመዘገብበት) በኩል ስለማያልፍ ምልክቱን የሚመልሰው የለም። ዳታው ሜሞሪ ውስጥ እስካለ ድረስ ያነበበው ሁሉ ልክ ያገኘዋል። ማሽኑ ሲጠፋ ግን ከርነሉ «ዲስክ ላይ አለ» ብሎ ስለሚያምን ዝም ብሎ ይጥለዋል።

እኔ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ገጾቹን እንዲሁ እለቃቸው ነበር። መጀመሪያ የዲኤምኤ ማፒንጉን (ካርዱ ወደ ገጾቹ እንዲደርስ የተከፈተለትን መንገድ) መፍታት፣ ከዚያ «ተለውጧል» ብሎ ምልክት ማድረግ፣ በመጨረሻ መልቀቅ ነበረብኝ። በ2020 በወጣው ሊኑክስ 5.6 ለዚህ ዓይነት ሥራ ፒን ዩዘር ፔጅስ የሚባል ጥሪ መጥቷል። ሲለቅ ምልክቱንም አብሮ የሚያደርግ ጓደኛ አለው። ወደሱ ዞርኩ፤ ዜሮው ጠፋ።

ያም ሆኖ እንቅልፍ አልሰጠኝም። የፋይል ሲስተሙ ገጹን ጽፌ ጨረስኩ ካለ በኋላ ከጀርባው ሌላ እንዲለውጥበት አይጠብቅም፤ ኋላ መዘዝ ያመጣል። ስለዚህ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ፋይሉን ከመንገዱ አስወጣሁት። ካርዱ አሁን የሚጽፈው ከፋይል ጋር ባልተያያዘ ተራ ሜሞሪ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ ራሱ ወደ ፋይሉ ይጽፋል። አንድ ኮፒ ተጨመረ፤ እስካሁን ያስተዋለው ሰው የለም።

ቴስቱንም ቀየርኩት። ድሮ ጽፎ ወዲያው ያነብ ስለነበር ሁሌም ያልፍ ነበር። አሁን ትሪገሩን ሁለት ደቂቃ ያዘገያል፣ ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳል፣ ከዚያ ነው የሚያነበው።