ገመዱ ተቀበረ ማለት ደኑ ተረፈ ማለት አይደለም

የኤሌክትሪክ መስመር በደን ሊያልፍ ነው ሲባል ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ለምን አይቀበርም?» የሚል ነው። ጀርመን በ2015 ለትልልቆቹ የዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) መስመሮች ቅድሚያውን ለመሬት ውስጥ ገመድ የሰጠችው የነዋሪው ተቃውሞ ስለበረታባት ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ባለ 525 ኪሎ ቮልቱ ዙድሊንክ በዚሁ መንገድ ይቀበራል። ዓይን ላይ የሚቆም ምሰሶ አይኖርም፣ እሱ እውነት ነው። ይሁንና የአየር መስመር ሸለቆን ከጫፍ ጫፍ ተሻግሮ ዛፎቹን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል፤ ቦይ ግን አንዲት ሜትር እንኳ አይዘልም። ከተደፈነ በኋላም ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍ በላዩ አይተከልም።

ትልቁ ጥፋት ሥር ላይ ነው። አብዛኛው የዛፍ ሥር ያለው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። የብሪታንያ መመሪያ ከዛፉ የሚራቀውን ርቀት ለማግኘት የግንዱን ዙሪያ ለክቶ በ4 ያባዛል። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከዛፉ 6.3 ሜትር እስኪርቁ ድረስ ኤክስካቫተር አይገባም፤ የግድ ከሆነ በእጅ ይቆፈራል። ከ25 ሚሊ ሜትር የወፈረ ሥር አይቆረጥም፤ ገመዱ ከሥሩ በታች ሾልኮ ያልፋል። የተገለጠው ሥር በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ አፈሩ ሲመለስም ሥሩ መጀመሪያ በአሸዋ ይከበባል። የኤክስካቫተር ጥርስ ሥርን አይቆርጥም፣ ይጎትታል፤ ስንጥቁ ወደ ግንዱ ይሄድና ብስባሽ ይገባበታል። ዛፉ ከጫፉ እየሳሳ የሚደርቀው ከዓመታት በኋላ፣ ተቋራጩ ሥራውን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ነው።

የላይኛውና የታችኛው አፈር ለየብቻ ይከመራል። ከታችኛው አፈር ቆንጥራችሁ በመዳፍ ስታድቦለቡሉት ሳይሰበር 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ከተሳበ አፈሩ ገና እርጥብ ነውና ከባድ ማሽን አይግባ፤ ይጠቀጠቃል።

ተዳፋት ላይ ደግሞ አሸዋ የተነጠፈበት ቦይ ራሱ የውኃ መውረጃ ይሆናል፣ ከላይ ያለውንም ረግረግ ያደርቃል። መድኃኒቱ ቦዩን በየመሃሉ በሸክላ አፈር መድፈን ነው። ድርቀት ለገመዱም አይበጅም፤ ደረቅ አፈር የገመዱን ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ውኃ የሚመጥ ባሕር ዛፍ አጠገቡ ከቆመ ገመዱ የሚሸከመው ኃይል ይቀነሳል።

ለአሮጌ ደን የሚሻለው ከሥሮቹ በታች አግድም መሰርሰር ነው፣ መግቢያና መውጫ ጉድጓዶቹ ከሥር ክልሉ ውጭ ሆነው። እዚያም አደጋ አለ፦ ሲሰረሰር ወደ ቀዳዳው በፓምፕ የሚገፋው የቤንቶናይት (የሸክላ ዓይነት) ጭቃ ግፊቱ ሲበዛ በስንጥቅ ወጥቶ ምንጭ ያደፈርሳል። ስለዚህ የግፊቱ ቆጣሪ ድንገት ከወረደ ፓምፑ ወዲያው ይቆማል፣ ጭቃው የወጣበትም ቦታ በእግር ይፈለጋል።