ዓይናቸውን የተኳሉት እንግዶች

ትናንት ማታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። ጎረቤቴ እማማ የተረፈ እንጀራ በረንዳቸው ላይ ያስቀምጣሉ። «ለማን ነው?» አልኳቸው። «ለነዚያ ዓይናቸውን ለተኳሉት።» ራኩኖቹን ማለታቸው ነው፤ ዓይናቸው ዙሪያ ጥቁር የሆነውን የዱር እንስሳት! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ግን ቀልድ አይደለም። በምሥራቅ አሜሪካ ራኩን የእብድ ውሻ በሽታ ዋነኛ ተሸካሚ ነው። ዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለው የወስፋት እንቁላልም አፈር ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ በልጅ እጅ ወደ አፍ ከገባ እስከ አንጎል የሚደርስ ጣጣ አለው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ የሚጫወተው እዚያው በረንዳ ሥር ነው።

«ሐረር ለጅብ ሥጋ ይሰጥ የለ እንዴ?» ብለው ሞገቱኝ። እዚያ የሚያበላው ሰውም ቦታውም የታወቀ ነው። እዚህ የለመደ ራኩን ሰው መፍራት ይተዋል። ሰው ከነከሰ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ምርመራው የሚሠራው በራኩኑ አንጎል ስለሆነ እንስሳው ይገደላል።

እማማን ያሳሰባቸው ይሄ የመጨረሻው ነው።