አረንጓዴ የሌላት አበባ፤ በሸናንዶዋ ጫካ

አሜሪካ ወዳለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የሄድነው በሐምሌ መጨረሻ፣ ሲጥል የሰነበተው ዝናብ ካባራ አራት ቀን ቆይተን ነው። ቀኑን የመረጠልን ዝናቡ ነው። ጎስት ፓይፕ የሚሏት አበባ በቨርጂኒያ ተራሮች ከሰኔ እስከ መስከረም ትወጣለች፤ ነገር ግን ቡቃያዋ አፈር ውስጥ አድፍጦ ይቆይና ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ ነው ብቅ የሚለው። በደረቅ ሳምንት የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከዋሽንግተን በ66 አውራ ጎዳና ወጥተን፣ በ29 ዋረንተን ደርሰን፣ ከዚያ በ211 ስፐሪቪልን አልፈን በቶርንተን ጋፕ በር ገባን። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፤ ለ7 ቀን ያገለግላል። በፓርኩ ጀርባ ላይ የተዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት ክልክል ነው። በየማይሉ የቆመው ድንጋይ ቁጥር አለውና መንገድ የሚጠቆመው በእሱ ነው። እኛ መኪናውን ያቆምነው ከ42ኛው ማይል ትንሽ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ከፍተኛውን ቦታ በሚነካበት በስካይላንድ አካባቢ ነው። ከፍታው 1,120 ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን ግማሽ ቢያህል ነው። ያም ሆኖ ከታች ሸለቆው ሲቃጠል እዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል።

አበባዋ ከአንድ ስንዝር ብዙም አትበልጥም። ግንዷ፣ ቅርፊት መሳይ ትንንሽ ቅጠሎቿና አበባዋ ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ሰም የተቀባ ይመስላሉ። ጫፏ ላይ አንዲት አበባ ብቻ ወደ መሬት ታጎነብሳለች፤ ሙቀት ያጎበጠው ጧፍ ማለት ነው። ስሟን ያገኘችው የትምባሆ ፒፓ ስለምትመስል ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ሞኖትሮፓ ዩኒፍሎራ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1753 ያወጣላት የዕፅዋት ሊቁ ሊኒየስ ነው። ሰሜንና ባሌ ተራራ ለወጣ ሰው ደግሞ የሚገርም ዝምድና አላት፤ ከእኛው አስታ ጋር ቤተሰቧ አንድ ነው። በሸናንዶዋ መንገድ ዳር የሚለቀመው ብሉቤሪም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ከእነዚህ ዘመዶቿ ተለይታ አረንጓዴ ቀለሟን የጣለችው እሷ ናት፤ ከፀሐይ ምግብ መሥራት ጨርሶ አትችልም።

ታዲያ ምን ትበላለች? ለረጅም ጊዜ የበሰበሰ ቅጠል እየበላች ነው የምትኖረው ይባል ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ኦክና ቢች የመሳሰሉ ዛፎች ሥራቸውን የሚያለብስ ፈንገስ አላቸው። ፈንገሱ ውኃና ማዕድን ያቀብላል፣ ዛፉ ስኳር ይከፍለዋል። ጎስት ፓይፕ ሥሯን በዚያው ፈንገስ አስጠምጥማ ስኳሩን ከእሱ ትወስዳለች፤ በምላሹ የምትሰጠው ነገር እስካሁን አልታወቀም። ስዊድናዊው ተመራማሪ ኤሪክ ቢዮርክማን ይህን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሥራ በእህቷ ተክል ላይ አሳይቷል። ጨረር የሚያመነጭ ካርቦን ያለበት ስኳር በዛፍ ግንድ ውስጥ ወጋ፤ ካርቦኑ አጠገቡ ከበቀለችው ሞኖትሮፓ ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ አበባዋን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ዛፉንና ከፈንገሱ የሚወጣውን እንጉዳይ ይፈልግ።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሣር የበቀለበትንና ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ ሁሉ ዘለልነው። ዓይናችንን የጣልነው ሽማግሌ ኦኮች በቆሙበት፣ የረገፈ ቅጠል ወፍሮ በተኛበትና ከሥር ቁጥቋጦ በሳሳበት ጥላ ላይ ነው። ቀጥሎ ሩሱላ የሚባለውን እንጉዳይ ፈለግን። ባርኔጣው ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነው፤ የወደቀ እግሩን ብትሰብረው ክር ሳይኖረው እንደ ጠመኔ ቀጭ ይላል። የጎስት ፓይፕ መጋቢ የዚህ እንጉዳይ ወገን ነው። ሩሱላ የበዛበትን ቁልቁለት ይዘን በዝግታ፣ ዓይናችንን ከፊታችን አምስት ሜትር ላይ አሳርፈን ሄድን። ነጩ ነገር ከሩቅ የተጣለ ሶፍት ይመስላልና ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

የሚያሳስቱም አሉ። ቢች ሥር የሚወጣው ቡናማ፣ ቅርንጫፋም ቀጭን ተክል ቢችድሮፕስ ነው። ኦክ ሥር የበቆሎ ራስ መስሎ የሚቆመው ቢጫ ደግሞ ቤርኮርን ይባላል። ሁለቱም ፈንገስ መሐል ሳያስገቡ የዛፉን ሥር ራሱን የሚጠቡ ናቸው። በአንድ ግንድ ላይ ብዙ አበባ ደርድሮ ቢጫ ወይም ቀይ የሚሆነው ፓይንሳፕ ግን የጎስት ፓይፕ የቅርብ ዘመድ ነው።

ያገኘነው አሥራ አንድ ግንድ ያለው አንድ ዘለላ ነው። ቦታውን አልጽፍም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሁለቱ ቅጠሉን ገና እየገፉ ነበር፤ አንገታቸው ከመጎንበሱ የተነሳ መንጠቆ መስለዋል። ሰባቱ ሙሉ ለሙሉ ፈክተዋል። በማጉያ መነጽር ከሥር ወደ ላይ ሲታዩ፣ በነጩ ቀሚስ ውስጥ ወንዴዎቹ ፈዛዛ ቢጫ ሆነው ዙሪያውን ተደርድረዋል። ትልቅ ፀጉራም ንብ መጥታ አበባዋን ከታች ያዘች፣ ተገልብጣ ጭንቅላቷን አስገባች፣ ግንዱም በክብደቷ ተወዛወዘ። የተቀሩት ሁለቱ ዱቄታቸውን ተቀብለው ጨርሰው ነበር። አበባዋ ዘር ስትይዝ ቀና ትላለችና፣ እነዚህ ወደ ሰማይ እያዩ ነው የቆሙት።

ፎቶ ለሚያነሳ፦ ስልክን ገልብጦ ካሜራው መሬቱን እስኪነካ ማውረድ ያስፈልጋል። ነጭ ስለሆነች ካሜራውን ታሳስተዋለች፤ ጨለማውን ጫካ ለማብራት ሲል እሷን አንጸባራቂ ነጠብጣብ ያደርጋታል። ስክሪኑ ላይ አበባዋን ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ ነው መፍትሔው። ፍላሽ ሰም መሳይ ገጽታዋን ያጠፋዋል። ደመናማ ጠዋት ከሁሉ ይሻላል። ለፎቶው ውበት ብሎ ቅጠሉን መጥረግ ግን ጥፋት ነው፤ የፈንገሱ ክር ያለው እዚያው ከላይኛው ንጣፍ ውስጥ ነው፣ ያልወጡ ቡቃያዎችም ከሥሩ አሉ። በአንድ በኩል ብቻ ተንበርከኩ፣ የገባችሁበትን ዱካ ይዛችሁ ውጡ። አበባዋን መንካትም አይገባም። የተነካው ቦታ ይጠቁራል፤ ከተቆረጠች ቤት ሳትደርስ ጥቁር ትሆናለች።

ነቅሎ ማሰሮ ውስጥ መትከል አይሠራም። ሥሯ አጭርና ተሰባሪ ድቡልቡል ነው፤ ከፈንገሱ ጋር ተላቀቀ ማለት ምግቧ ተቋረጠ ማለት ነው። ፈንገሱ አብሮ ቢመጣ እንኳ ዛፉ አልመጣም። ዘሯም እንደ አቧራ ደቃቅ ነው፣ ስንቅ የለውም፤ ትክክለኛውን ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ይህ ሆኖ እያለ ከጫካ እየለቀሙ በአልኮል ዘፍዝፈው ለሕመም ማስታገሻ የሚሸጡ አሉ። ማልማት ስለማይቻል እያንዳንዱ ጠርሙስ ከዱር የተነቀለ ነው። ቦታውን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ተክል መንቀልም በሕግ የተከለከለ ነው።

ዛፉ ሲሞት ምን እንደሚሆን ለማሰብ 43ኛው ማይል ላይ ሊምበርሎስት የሚባለውን 1.3 ማይል ዙር መሄድ ይበቃል። መንገዱ ለተሽከርካሪ ወንበርም ይመቻል። ቀድሞ የታወቀው ሄምሎክ በሚባሉ ግዙፍ ዛፎቹ ነበር፤ ከእስያ የመጣች፣ ጥጥ መሳይ ነገር የምትለብስ ደቃቃ ነፍሳት መጥጣ ጨረሰቻቸው። የሄምሎክ ሥር ሲበሰብስ በዚያ ስኳር የሚኖረው ፈንገስም ምግብ ያጣል፤ ፈንገሱ ከተራበ አበባዋ የምትወስደው የላትም።

መዥገር አለ። ረጅም ሱሪ ለብሳችሁ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ ስትመለሱ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብትና የፀጉር ሥር ፈትሹ፤ ላይም የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር ከሰሊጥ ብዙ አይበልጥም። ፖይዝን አይቪ የሚባለውን፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ቆዳ የሚያሳክክ ተክል አትንኩ።

ዘንድሮ ያመለጣችሁ በጥቅምት ሂዱ። ያኔ ግንዶቹ ጠቁረውና ደርቀው፣ የዘር ከረጢታቸውን ቀና አድርገው ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ሥሩ ከዓመት ዓመት ይኖራልና ያንን ቦታ አስታውሳችሁ፣ በሚቀጥለው ሐምሌ ከዝናብ በኋላ ተመለሱ።