ስም የሌላት የጓሳ ጉብታ

በመንዝ ጓሳ፣ ከመኪና መንገዱ በስተምሥራቅ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ የተቀመጠች፣ ጎብኚ የማይረግጣት ክብ ጉብታ ናት። ነሐሴ ውስጥ አራት ሰዎች ያሉት የዱር እንስሳት ቆጠራ ቡድን በ6 ሰዓት አናቷ ላይ ደረሰ። ሰማዩ ክፍት ስለነበር ኮምፓሱም ካርታውም ከቦርሳ አልወጡም። ለመመለሻ የያዙት ምልክት አንዲት ጅብራ (ቀጥ ብላ የምትቆም ረጅም የውርጭ ተክል) ነበረች። ያዘናጋቸው የጉብታዋ ትንሽነት ነው።

7 ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ ከምሥራቁ ገደል ወጥቶ ሸፈናቸው። በጉም ውስጥ ጅብራ ምልክት አይሆንም፤ ማነጻጸሪያ ስለሚጠፋ የቅርቧ አጭር የሩቋን ረጅም ትመስላለች። አናቱ ክብ የሆነ ጉብታ ደግሞ በየትኛውም ጎኑ ቁልቁለቱ ያው ነው። ምዕራብ መስሏቸው በሰሜን ወረዱ።

የጠበቃቸው ጨፌ ነው። ጉብ ጉብ ያለው የጓሳ ሣር አልቆ ልሙጥና ደማቅ አረንጓዴ መሬት ከጀመረ ከሥሩ ውኃ አለ። ፊት የነበረው እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ከኋላው የነበረው ለመዞር ሲል የጓሳውን ጉብ አናት ረገጠ፤ እርጥቡ ሣር አንሸራተተውና ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለ። እግር የሚያርፈው በጉቦቹ መሐል፣ ከሥራቸው ጠጋ ብሎ ነው፤ ያም የፍልፈል ጉድጓድ ስለማይጠፋው በዱላ እየነኩ።

ከዚህ በኋላ የሠሩት ሁሉ ትክክል ነበር። ጫማውን አላወለቁትም፤ እግሩ ካበጠ ተመልሶ አይገባም። ከላዩ አጥብቀው አሰሩት። ጨፌውን ለመሻገር አልሞከሩም፤ ራሳቸው ያጎነበሱትን ሣር ተከትለው ወደ አናቱ ተመለሱ። በካርታው መሠረት መንገዱ ላይ ያቆሙት መኪና በቀጥታ ምዕራብ፣ በኮምፓስ 270 ዲግሪ ላይ ነው። እነሱ ግን 250 ያዙ። በ270 ሄደው መንገዱ ላይ ቢወጡና መኪናው ባይታይ፣ ግራ ይሁን ቀኝ ማወቂያ የለም፤ 5 ዲግሪ ብቻ መሳት በ1 ኪሎ ሜትር 90 ሜትር ገደማ ያርቃል። ሆን ብለው ወደ ደቡብ ካዘነበሉ ግን መኪናው በእርግጠኝነት በቀኝ ነው። አንዱ ኮምፓስ ይዞ ከኋላ ቀረ፣ ሌላው እስከሚታይበት ድረስ ቀድሞ ሲቆም የኋላው አቅጣጫውን አስተካከለለት።

11 ሰዓት ላይ ጠጠሩን መንገድ ረገጡ። ወደ ቀኝ ዞሩ፤ መኪናው 500 ሜትር ያህል ወደፊት ቆሞ ነበር።