ፈሳሽ ክሪስታል ኢፖክሲ፦ ድርድሩን ከጄሉ በፊት መያዝ

የባይፊኒል ኢፖክሲን (ሞለኪውሉ ግትር ዘንግ ያለበት ሬዚን) በሰልፋኒላሚድ (ማጠንከሪያው) ለምታጠነክሩ ባልደረቦች የሚሆን ልምድ ነው። ድርድር የምለው የሞለኪውሎቹን መሰለፍ፣ ጄል የምለው ደግሞ ፈሳሹ ተሳስሮ መፍሰስ የሚያቆምበትን ደረጃ ነው።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ሬዚኑ ላይ ነው፤ ግትሩ የባይፊኒል ዘንግ ብቻውን ሁሉን ያሰልፋል ብሎ። ይህ ሬዚን ግን ለብቻው ሲቀልጥ ፈሳሽ ክሪስታል (እየፈሰሰም ሞለኪውሎቹ የተሰለፉ) አይሆንም። ስሜክቲክ የሚባለው፣ ዘንጎቹ ተሰልፈው የሚሠሩት ንብርብር የሚመጣው በማጠንከሪያው ነው። የሰልፋኒላሚድ ሁለት አሚኖች (ከኢፖክሲ ጋር የሚዋሃዱት የናይትሮጅን ቡድኖች) ፍጥነታቸው እኩል አይደለም፦ ከቀለበቱ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ቀድሞ ገብቶ ሰንሰለቱን ያስረዝማል፤ የሰልፎናሚዱ ዘግይቶ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ያስራል። ዘንጎቹ የሚደረደሩት በዚህ መሀል ባለው ጊዜ ነው። ጄል ከሆነ በኋላ የነበረው ድርድር እንዳለ ይታሰራል፤ ያልተደረደረውም እንዲሁ።

ልኬቱ፦ ሬዚኑ በአንድ ሞል የኢፖክሲ ቡድን 149 ግራም ይመዝናል። ሰልፋኒላሚድ አራት ንቁ (ከኢፖክሲ ጋር የሚዋሃድ) ሃይድሮጅን ስላለው ለአንዱ ሞል 43 ግራም ይደርሰዋል። ስለዚህ ለ10 ግራም ሬዚን 2.89 ግራም። ሬዚኑን ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለብቻው አቅልጡ፤ በደንብ የተፈጨ ሰልፋኒላሚድ ጨምራችሁ ጥርት እስኪል አማስሉ፤ ቀድሞ በሞቀ ቅርጽ ውስጥ ቶሎ አፍስሱ። ጓንት አይረሳ፤ ኢፖክሲ ቆዳን ለአለርጂ ይዳርጋል። በአንዴ ብዙ አትሥሩ፦ ውህደቱ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ መሀሉ ከኦቭኑ በላይ ይግላል። ሲግል ንብርብሩ ሳይሠራ ይጠነክርና እንደ ተራ ኢፖክሲ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ይቀራል። የተሳካው ወተት ይመስላል።

ወተት መምሰሉ ብቻ ግን አያስተማምንም፤ ያልሟሟ ዱቄትም ያደበዝዛል። ጠብታ በሁለት መስታወት መሀል አድርጋችሁ በተሻገሩ ፖላራይዘሮች (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ፣ እርስ በርስ በቀጥተኛ ማዕዘን የተቀመጡ ማጣሪያዎች) ተመልከቱ። መጀመሪያ ፍጹም ጨለማ መሆን አለበት፤ ብርሃኑ ከዚያ በኋላ፣ ውህደቱ ሲገፋ፣ ከመጣ ድርድር ነው። ከመነሻው የሚያበራ ነጥብ ካለ ያልሟሟ ማጠንከሪያ ነው።

የመቅለጫው ሙቀት ካስቸገረ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። በዘንጉና በኢፖክሲው መሀል ተጣጣፊ የሜቲሊን ሰንሰለት ማስገባት መቅለጫውን ያወርዳል፤ የጠነከረው ዕቃ በሙቀት የሚለሰልስበትን ደረጃም አብሮ ያወርዳል። በዘንጉ ጎን ሜቲል መጨመር ደግሞ ዘንጎቹን ያራርቃል፤ ሲበዛ ንብርብሩን ያጠፋል።

የተደረደረ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ያለ ውጫዊ ኃይል ትንንሽ ክፍሎቹ በየፊናቸው ስለሚዞሩ ጥቅሉ አማካዩን ይይዛል። በ1998 በታተመ ሥራ፣ የአልፋ-ሜቲልስቲልቢን ኢፖክሲ (ሌላ ባለ ዘንግ ሬዚን) በሰልፋኒላሚድ በጠንካራ ማግኔት ውስጥ ሲጠነክር የመሳብ ሞዱለሱ (ሲሳብ ላለመለጠጥ ያለው ግትርነት) ከ3.1 ወደ 8.1 ጊጋፓስካል ወጥቷል። ማግኔቱ መሥራት ያለበት ከጄሉ በፊት ነው።